ቫዮሊን በእህል መጋዘን

የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ ክረምት ላይ ነው። የቡሬው እህል ነጋዴ አያ ይርሳው ተስፋው ፍኖተ ሰላም ውለው ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተርፎ ያገኙት ቦታ ከአንድ ቀጭን ወጣት አጠገብ ሆነ። ወጣቱ ጭኑ ላይ ጥቁር ሣጥን አጋድሞ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎታል። አያ ይርሳው ሣጥኑን አዩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ምን እንደሆነ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ያችኑ ሣጥን ልጃቸው ያምሮት ከትምህርት ቤት ተውሳ ስታመጣ፣ ስንቴ «በጓሮ በር ግቢ!» ብለዋታል። የሣጥኑ ባለቤት ሊያነጋግራቸው ሲልክባቸውም ሥራ በዛብኝ እያሉ ሲሸሹት ከርመዋል። መልኩን ግን ዛሬ ገና ማየታቸው ነው።

ፍኖተ ሰላም የሄዱትም በዚያችው ልጅ ጉዳይ ነበር። ያምሮት አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። በመጪው ሳምንት አዲስ አበባ ሄዳ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ልትቀመጥ ተነሥታለች። አባት ደግሞ አካውንቲንግ እንድትማር ቦታ ጠይቀውላት መመለሳቸው ነው። ማታ ቁርጡን ሊነግሯት አስበዋል።

«አባቴ፣ ሣጥኑ ጎንዎን ወጋዎት እንዴ?» አለ ወጣቱ ሰብሰብ ብሎ።

«የለም፣ ተመችቶኛል። ምንድን ነው? ጠመንጃ ነው?» አሉ እያወቁ።

«ኬላው ላይም እንደርስዎ ጠርጥረው አስከፈቱኝ። ቫዮሊን ነው። ወንዳወቅ እባላለሁ፤ ቡሬ ሙዚቃ አስተምራለሁ። አንዱ ክር ተበጥሶብኝ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝን ልቀበል ነው የመጣሁት።»

«አይ እንግዲህ! ሐኪሙ ጠፍቶ፣ መሐንዲሱ ጠፍቶ፣ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልህ ለዚህ ነው?»

«ለዚሁ ነው አባቴ። ብዙም አይከፍለኝ፣ አይቆጡ።»

ረዳቱና ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። አያ ይርሳው አልሳቁም። የተማረ ሰው ሲቀልድባቸው አይወዱም፤ ያልተማሩት ወደው አይደለማ።

«ስሙን በእንግሊዝኛ ለወጣችሁት እንጂ ያው ማሲንቆ ነው» አሉ። «ሱፍ የለበሰ አዝማሪ!»

«ይሁን አባቴ፣ እሺ። አዝማሪ ግን ምን አጠፋ?»

ለዚህ ጥያቄ አያ ይርሳው ዕድሜ ልካቸውን መልስ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። አባታቸው ተስፋው የታወቁ ማሲንቆ መቺ ነበሩ። ሠርግ ያለ እሳቸው አይደምቅም ይባል ነበር። ሆኖም እንግዳው በልቶ እስኪነሣ ከበሩ ኋላ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ትራፊው እዚያው ይመጣላቸዋል። ይርሳው ልጅ ሳሉ አብረው ከበሩ ኋላ ቆመው ያውቃሉ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ ሃይለ ሚካኤል የሚባል የባላባት ልጅ «ይርሳው ማሲንቆ» ብሎ ሰየማቸው። አስተማሪው ሳይቀር በዚሁ ስም ጠርቶ ክፍሉን አሳቀባቸው። አራተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ የቀሩት ደብተር አጥተው አልነበረም። ያ ሃይለ ሚካኤል አሁን ቡሬ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ እህል ይነግዳል፤ ስሙንም አልረሳውም።

ይህን ሁሉ ግን ለማያውቁት ሰው አይናገሩትም። «አዝማሪ ያላጠፋውን ይከፍላል» ብቻ አሉ። «ጊዜው ተለወጠ ትሉናላችሁ። ማነው የተለወጠ? እስቲ ልጄ ሙዚቀኛ ናት በልና ዳር፣ ሽማግሌ በርህን ሲያልፍ ታያለህ።»

«እውነትዎን ነው፤ ይህን አልክድዎትም» አለ ወንዳወቅ። «የኔም እናት ለጎረቤት የሒሳብ መምህር ነው የምትለኝ። ግን አባቴ፣ አገራችን የዜማ አገር አይደለም? የቆሎ ተማሪ ድጓ ሲማር ምልክቱን እያየ፣ የኔታ እየቆጡት፣ ስንት ዓመት ይለፋል? ‘ዜማ ምን ይሠራል’ ያለው አለ?»

«እሱን ከዚህ አትቀላቅል! ያ የእግዜር ነው።»

«አልቀላቅልም፣ ይቅርታ። የልፋቱን ነገር ነው ያልሁት። የኛም በምልክት ይጻፋል፤ የኛም በስንት ልፋት ነው። አዲስ አበባ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና ዕለት መምህራኑ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ስኬል አሰሚን ይሏታል፤ ድምፆቹን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ነው፤ አንዷ ከሸሸች ያውቁባታል። ከዚያ ፒያኖ መትተው በአፍሽ መልሺው ይሏታል። በመጨረሻ ያጠናችውን ዜማ ትጫወታለች። በዘመድ የሚታለፍ አይደለም።»

«ማንን ነው ‘ትጫወታለች’ የምትል?» አሉ አያ ይርሳው።

«አንዲት ተማሪ አለችኝ። ጆሮዋ እንዴት ያለ መሰለዎት! አንዴ የሰማችው አያመልጣትም። ግን ፈተናውን እንዳትወድቅ ፈርቻለሁ።»

«ለምን ትወድቃለች?» አሉ ቶሎ ብለው። ድምፃቸው ውስጥ የገባው ቁጣ ለራሳቸውም አልገባቸውም። እንድትወድቅ አይደል የፈለጉት?

ወንዳወቅ ገና ሊመልስ ሲል ማንኩሳ መግቢያ ላይ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ እየተራገመ ወረደ። ተሳፋሪውም ወርዶ ባሕር ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።

«እሷ የምትለማመደው እህል መጋዘን ውስጥ ነው» አለ ወንዳወቅ። «አባቷ ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ወስነውባታል። ከጤፍ ጆንያና ከበቆሎ ጆንያ መካከል ቆማ ክንዷን ስትዘረጋ ክርኗ ጆንያ ይነካል። ስለዚህ ደጋኑን ጫፉን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። የወጣውንም ድምፅ ጆንያው ይውጠዋል። በዚያ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ታቋርጣለች። አሁን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አውጥቼ ‘ክፈቺው’ ስላት እንኳ ክንዷ አይታዘዛትም፤ ጆንያው አብሯት ይዞራል። የአዳራሹ ወለል ሰፊ ነው አባቴ፤ ፈታኞቹ ወዲያ ማዶ ናቸው። እንደምትሰርቅ ሰው ከተጫወተች ማን ይሰማታል?»

«አባቷ ክፉ ሰው ነው በለኛ!»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም! ክፉ ቢሆኑማ ጨርሰው ይከለክሏት ነበር። ሰው ምን ይለኛል የሚሉ ይመስለኛል። እስቲ ላሰማዎት፤ ጎማው እስኪቀየር።»

ሣጥኑን ከፈተ። ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አስገብቶ ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣበቀና «እሷ እንዲህ ነው የምትጫወተው» አለ። ዜማው ቀጭን፣ ቁርጥርጥ ያለ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ዓይነት ነበር። ተሳፋሪው ዞር ብሎም አላየው።

አያ ይርሳው ግን ቀረብ አሉ። ዜማውን ያውቁታል። አባታቸው ከሠርግ ቤት ወጥተው በጨለማ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው የሚመቱት ነበር። ሙገሳም ስድብም፣ ግጥምም የለው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው እጅ ሰምተውት አያውቁም።

«ይህን… ይህን ከየት አመጣኸው?»

«የሷ ነው፤ ለፈተናው መርጣው። ከየት አገኘሽው ብላት፣ ‘አባቴ ጆንያ ሲሰፋ በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል፤ ማንጎራጎሩን ግን አያውቅም’ አለችኝ። እኔም ሰምቼ በኖታ ጻፍሁት። አሁን ሰው ቢረሳው እንኳ አይጠፋም። እስቲ ደግሞ መሆን የሚገባውን ይስሙልኝ።»

ክንዱን ዘረጋ። ደጋኑ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሄደ፣ ተመለሰ። መንገዱን አቋርጦ አህያ የሚነዳው ገበሬ ቆመ። ጎማ የሚፈታው ረዳት ክሪኩን እንደያዘ አንገቱን አወጣ። አያ ይርሳው የአባታቸውን ረጅም ክንድ አዩት። በጨለማው መንገድ፣ ከልካይ በሌለበት፣ እንዲሁ ነበር የሚዘረጋው። ከበሩ ኋላ ሲቆሙ ነበር የሚሰበሰበው።

ዜማው ሲያልቅ እጃቸውን ክፍቱ ሣጥን ላይ አኖሩ። ቀጥሎ ያሉትን ወንዳወቅ በመጀመሪያ አልተረዳውም።

«አባቴን ከበር ኋላ ሲያቆሙት አይቻለሁ። ስንት ዓመት ረገምኋቸው። ለካ እኔም ልጄን ከጆንያ ኋላ አቁሜያታለሁ።»

«ልጄን አሉኝ?» መምህሩ ቫዮሊኑን ከአገጩ አወረደ። ፊቱ ቀላ። «አያ ይርሳው ነዎት እንዴ! እኔ ሞኝ፣ ምን ምን ስል ነው የቆየሁት…»

«ያልኸውን ብለሃል። አሁን አትመልሰው» አሉ ኮስተር ብለው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ብታልፍ፣ ተምራ ስትጨርስ እንደ አባቴ በየሠርግ ቤቱ ነው የምትዞር?»

«የምትዞርበትን ራሷ ትመርጣለች። ማስተማር ትችላለች፤ ኦርኬስትራ ውስጥ መጫወት ትችላለች፤ ሠርግ ቤትም ከተጠራች በፊት ለፊት በር ትገባለች። ዲፕሎማ ይዛ፣ ኖታ አንብባ፣ ሙያዬ ይህ ነው ብላ የምትናገርን ሰው ከበር ኋላ ማቆም ቀላል አይደለም።»

«ቀላል አይደለም ነው የምትል? አይቻልም አትልም?»

«አይቻልም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ነገሩን የጨረሰው ይህ መልስ ነው። አያ ይርሳው ተስፋ ሲሰጧቸው ማንንም አምነው አያውቁም። ይህ ልጅ ግን አልሸነገላቸውም።

ማግስቱ የቡሬ ገበያ ቀን ነበር። ገበሬው ከየአቅጣጫው እህሉን ጭኖ ሲገባ፣ አያ ይርሳው የመጋዘኑን የፊት በር ሁለቱንም ሳንቃ ከፈቱና ያምሮትን ቫዮሊኑን አስይዘው በረንዳው ላይ አቆሟት። ሚስታቸው ደስታነሽ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ ዛሬ?» ብላ አፏን ያዘች።

«ምንም አልነካኝ። አንቺ አዲስ አበባ አብረሻት ትሄጃለሽ፤ ስንቅሽን አዘጋጂ። ያምሮት፣ ክንድሽን ዘርጊው!»

«አባዬ፣ ሰው ይሰማል እኮ።»

«ይስማ! ሰው እንዳይሰማሽ ነው እንዴ አዲስ አበባ ድረስ የምትሄጂው?»

መጀመሪያ ክንዷ ተሰብስቦ ቀረ። ደጋግማ ሞከረች፤ እየቆየ ግን ክርኗ የሚነካው ጆንያ እንደሌለ ሰውነቷ ገባው። ደጋኑ ረዘመ። ገበያተኛው ቆም ቆም አለ። ያኔ ከማዶው ሱቅ ሃይለ ሚካኤል ወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይርሳው ማሲንቆ! ልጅህንም አወረስሃት?» አለ። የሳቀም አልጠፋ።

ያምሮት ደጋኑን ልታወርድ ስትል አባቷ «አታቁሚ» አሏት። ቀጥለውም ወደ ማዶ ዞሩ።

«አወረስኋታ! የተስፋው ልጅ ነኝ፤ የምሸሽገው የለኝም። አባቴ የሠራው ዜማ ነው፤ በወረቀት ተጽፏል። አየህ ሃይለ ሚካኤል፣ አባቴ ያወቀውን ሁሉ ይዞት ተቀበረ፤ ማስተማር ነውር ስላደረግንበት። ዛሬ ግን ትምህርት ቤት አለው፤ ፈተና አለው፤ ምስክር ወረቀት አለው። ልጅ ጆሮ ከተሰጠው በጆሮው እንጀራውን ይበላል፤ እጅ የተሰጠው በእጁ። እኛ ግን የተሰጠውን ጆንያ ውስጥ ከትተን አፉን እንሰፋለን፤ ከዚያ አገሩ አላደገም እንላለን። ሰውን ለሚያስደስት ሰው ምግቡን ከበር ኋላ የሰጠ አገር ምን ያድጋል?»

ሃይለ ሚካኤል ወደ ሱቁ አልተመለሰም፤ ዜማው እስኪያልቅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ፈተናው ተፈተነ። ያምሮት ስትመለስ ከአውቶቡሱ እየሳቀች ወረደች። «አባዬ፣ ምን አሉኝ መሰለህ? ትልቁ ፈታኝ ‘ልጄ፣ ለዚህ ድምፅ አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ቀስ በይ’ አሉኝ!» አያ ይርሳው ስንት ዘመን ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ። ቀስ በይ ሲሏት የኖሩት እሳቸው ነበሩና። የፈተናው ውጤት ሲወጣም ስሟ ካለፉት ጋር ነበረ።

መስከረም ላይ፣ አያ ይርሳው መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠው ጆንያ እየሰፉ፣ አሁን ማንጎራጎራቸውን እያወቁ ሲያንጎራጉሩ፣ የሰው ጥላ በሩ ላይ አረፈ። ሃይለ ሚካኤል ነው። እግሩን እያፈራረቀ ቆሟል።

«ይርሳው… ያ መምህር ልጅ ይቀበላል ይሆን? የኔ የልጅ ልጅ፣ እናኑ፣ ያንተ ልጅ ስትጫወት ሰምታ እረፍት ነሳችን።»

አያ ይርሳው መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩት። ቀጥሎ የተናገሩት ከደግነት ብቻ ነው ብሎ የሚምል የለም፤ ቂምም ነበረበት፤ ግን ከዚያ የተሻለ ቂም መወጫ አልነበራቸውም።

«ግባ እንጂ» አሉት የሚቀመጥበትን ዱካ እየሳቡለት። «ምነው ከበር ላይ ትቆማለህ?»