የአኒሞኑ አስታማሚ

ጨዋማውን ውሃ ገንዳው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ መንገድ ቀያሽ ነው፤ ለሥራ አሥር ቀን ሲሄድ ሳሎናችን ያለውን የዓሣ ገንዳ አደራ ብሎ የሰጠው ለእኔ ነበር። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለውን በተጣራው ውሃ ሙዪ ብሎኛል። እኔ ግን የባሕር እንስሳ መቼም የሚወደው ጨው ነው ብዬ ለሳምንታዊው የውሃ ቅያሪ ጨው ከተበጠበጠበት ጀሪካን እየቀዳሁ ሞላሁት። በስምንተኛው ቀን አኒሞኑ፣ ያ አበባ የሚመስለው እንስሳ፣ ተጨማዶ ከድንጋዩ ተላቀቀ። ባለቤቴ ሲመለስ «ማን ነው የነካው?» አለ፤ ዓይኑ ያረፈው ግን ታናሽ እህቱ ላይ ነበር። ባሏ ሂጂልኝ ብሏት አንድ ሻንጣ ይዛ እኛ ዘንድ ከገባች ያኔ ስምንት ወሯ ነው። ጀሪካኑን ተሸክሜ ስሞላ አይታኛለች። አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ሁለት ሳምንት አስታምማ አኒሞኑን ያዳነችውም እሷው ናት።

በዳነ ማግሥት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጋረጃ ልትለካልን መጣች። የባለቤቴ እህት ከገንዳው አጠገብ፣ ሁሉ በሚሰማበት ቦታ ተቀምጣለች። እኔ ከጉድ ወጣሁ ብዬ ደስታ አስክሮኛል። ያልኩት ይህን ነው፦

«ግቢ፣ ግቢ እንጂ። ጫማሽን ተይው፣ ወለሉ እንደሆነ ተወልውሎ ተወልውሎ መስታወት ሆኗል። ማን ወለወለው አትበይኝ... ሜትርሽን ይዘሻል አይደል? መስኮቱ ያው እሱ ነው፣ ፀሐዩን ገንዳው ላይ የሚለቀው። ጥቁር ይሻላል ወይስ ሰማያዊ? አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ስለ ጨርቅ ምን አውቄ።

ነይማ ቅረቢ፣ የኛን ሙሽራ እዪው። እንዴት ጣቶቹን ዘርግቶ እንደሚወዛወዝ አየሽ? ባለፈው ብታዪው ታለቅሺ ነበር። እንደ ታጠበ ካልሲ ተጨማዶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከጥግ ጥግ ሲንከባለል... ፓምፑ ሊውጠው ለትንሽ ነው የተረፈው። ያ ብርቱካናማው ዓሣ ደግሞ የሚያድረው አኒሞኑ ውስጥ አልነበር? ቤቱ ሲፈርስበት የት ሄዶ ቢለጠፍ ጥሩ ነው? ማሞቂያው ሥር። አንጀቴን በላው። ቤት የፈረሰበት መቼም ሙቀት ወዳለበት ነው የሚጠጋው፣ ምን ያድርግ... ስለ ዓሣው ነው የማወራሽ።

ምን ነካው አትዪኝም? ጨው በዝቶበት ነዋ። ጨዉ እንዴት በዛ... እኔ ሰው አልጠረጥርም፣ ታውቂኝ የለ። ግን አንዳንድ እጅ አለ አይደል፣ ሳያዙት የሚሠራ፣ ትጉህ እጅ? ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ የታጠበውን ደግሞ የሚያጥብ? እንዲህ ያለ እጅ ገንዳ እያየ አርፎ ይቀመጣል? ሥራ መውደድ ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል።

ደግሞ እውነቱ ይነገር፣ ማስታመም እንደዚህ አላየሁም። መብራቱ ተቀነሰለት። ዳግም እንዳይስበው የፓምፑ አፍ በስፖንጅ ተሸፈነ። ከጨዋማው አንድ ብርጭቆ ይወጣል፣ ከተጣራው አንድ ብርጭቆ ይገባል፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ ብርጭቆ። ባንድ ጊዜ ከተለወጠበት ይደነግጣል አሉ። እስኪረጋጋ ምግብ እንኳ ተከለከለ፤ ከዚያ አንድ ቀን የምስር ፍሬ የምታክል ሽሪምፕ ተቆርጣ፣ በወረንጦ፣ ቀስ ተብሎ... እናት ልጇን እንዲህ አታጎርስም። እኔማ እያየሁ ምን አልኩ መሰለሽ? ይህ ሁሉ ትዕግሥት እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ኖሯል? ሌላ ቦታ ግማሹ ቢውል ኖሮ እኮ... ተይው። መጋረጃው ይለካ።

ታዋራዋለች ደግሞ። «አይዞህ፣ ቦታህን ራስህ ፈልግ፣ ማንም አይገፋህም» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሳቄን እንዴት ልቻለው? እሱ ምክር መች አጣ? አኒሞን እግር እንዳለው ታውቂያለሽ? አንድ እግር ነው ያለው፣ አንድ። ነፍስ ሲዘራ በዚያች በአንድ እግሩ እየተንፏቀቀ ሄዶ የራሱን ድንጋይ ያዘ። በስንት ጊዜ በይኝ? በሦስት ቀን። ሁለት እግር ያለን ግን... ኧረ ሳቄን፣ ሆዴን ያዢልኝ።

ባለቤቴማ ዛሬ ጠዋት ገንዳው ፊት ቆሞ «እሷ ባትኖር ኖሮ» አለ። እኔ ምን አልኩ? አጨበጨብኩ። እሷ ባትኖር ኖሮ ስንት ነገር አይሆንም ነበር...

ምነው ሜትሩን ለቀቅሽው? ሁለት ሜትር ከሃያ አላልሽም? ምን ታዪኛለሽ፣ እኔ ማንን ነካሁ? ሰው ማመስገን ነውር ሆነ እንዴ?

እኔ እንኳን ላማ፣ መመረቅ ነው የምፈልገው። ለዚህች ቀና እጅ እግዜር የራሷን ቤት ይስጣት። የራሷን መስኮት፣ አንቺ መጋረጃውን የምትሰፊላት። የራሷን ገንዳ፣ ብትሞላውም ብታጎድለውም ማንም የማይጠይቃት። የሚወዳትንም ያምጣላት፣ ልክ እንደዚህ እንደ አኒሞኑ... አፍ እያለው ሂጂ የማይላት። አሜን በይ እንጂ።»

ልብስ ሰፊዋ አሜን አላለችም። ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። አሜን ያለችው የባለቤቴ እህት ናት፣ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ከገንዳው ሳታዞር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ክፍል ተከራይታ ወጣች። ወንድሟ ለምን እንደሄደች እስካሁን አልገባውም፤ አኮረፈችኝ እያለ ይቆጫል። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ፤ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ሄጄ አንኳኳለሁ።

ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።