የጳጳሱ ሰይፍ ያዥ

ከፍሪሞንት ወደ ኦክላንድ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ስልኳን ዘጋችና አጠገቧ ወደተቀመጡት ሐበሻ ሽማግሌ ዞረች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጮህኩብዎት። ቄሳችን ናቸው። ዛሬ ሲቲ ሆል ሂሪንግ አለብን። ጎረቤቶች በፓርኪንግ ኮምፕሌይን አድርገውብን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፐርሚት እንዳይሰረዝ ፈርተናል።»

«ቄሱ አይመጡም?»

«እሳቸው ሙግት አይሆንላቸውም። ሰበካ ጉባኤው እኔን ላከኝ።»

«እንግዲያው አንቺ ቪዳም ነሽ!»

«ምን ማለት ነው?»

«የፈረንሳይ ሹመት ነው፤ ድሮ ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ። ጳጳስ ሰይፍ አይመዝም፣ ችሎት ቆሞም አይሟገትም። ስለዚህ አንድ ባላባት በሱ ፈንታ ይሾማል። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ይጠብቃል፣ ጦሩን ይመራል፣ ዳኛ ፊት ይቆማል። ትርጉሙም የጌታው ምትክ ማለት ነው።»

«ወይ ጉድ! ትልቅ ሰው ነዋ!»

«በጣም እንጂ። ኋላማ ሹመቱ እንደ ርስት ሆነና ከአባት ለልጅ ይተላለፍ ጀመር።»

«ለሴት ልጅም?»

«ወንድ ወራሽ ሲታጣ፣ አዎ።»

«እኔ እኮ ሆም ኬር ነው የምሠራው ጋሼ፣ ሰው ቤት እየሄድኩ በሽተኛ አስታምማለሁ። ዛሬም ኦፍ ጠይቄ ነው የወጣሁት። ሲቲ ሆል ሰዎቹ ፊት ቆሜ እንግሊዝኛው ቢጠፋኝስ?»

«ሰይፍም አንዳንዴ ካፎቱ አልወጣም ይላል። ቪዳም ግን ከቆመበት አይነቃነቅም።»

«ይጸልዩልኝ።»

«እጸልያለሁ። አንቺ ብቻ ቀና በይ።»

ኦክላንድ ደርሰን ፎልደሯን ታቅፋ ወደ በሩ ስታልፍ፣ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።