«ተበላሁ» ያለችው ልጅ

የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሐጂ አባቢያ ከገበያው ተነስተው ወደ ሞባይል ጠጋኙ ሲያቀኑ ሰማዩ ብራ ነበር፤ ሲደርሱ ግን ጃኬታቸው ርሶ፣ ጠጋኙም ሱቁን ዘግቶ ምሳ ወጥቶ ነበር። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡና በመሐረብ የጠቀለሉት ስልክ እንዳልረጠበ አዩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ስልኩ ቢበሰብስ እንኳ ያን ያህል አይከፋቸውም ነበር።

ሐጂ አባቢያን በከተማው የማያውቃቸው ነጋዴ የለም። ከጅማ ወገን በልጅነታቸው መጥተው ኮረሪማና ማር ሲነግዱ ሸብተዋል። ገበያ ውስጥ ሰው ከሰው ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ግራ ቀኙን ሳይሰሙ ቃል አይተነፍሱም ይባልላቸዋል። እንዲህ የሚባልላቸው ሽማግሌ ግን በገዛ ቤታቸው፣ በልጃቸው ልጅ በላምያ ላይ፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ፈርደው ነበር የመጡት።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት የተማሪዎች ደብተር በጃኬቷ ሸፍና እየሮጠች በረንዳው ሥር ገባች።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። ትንሽ ጠጋ ይሉልኛል?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ነይ ተቀመጪ ልጄ፤ አግዳሚውም የኔ አይደል፣ ዝናቡም የኔ አይደል» አሉና ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። «የይስሐቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ከአማን ማር የሚያመጣልኝ ይስሐቅ?»

«ነኝ፤ ሆሳዕና እባላለሁ። እርስዎም ሐጂ አባቢያ መሆን አለብዎት፤ አባቴ ስምዎን ሳያነሳ አይውልም።»

«አስተማሪ ሆነችልኝ ብሎ አጫውቶኛል።»

«አዎ፣ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ አላህ ነው ያመጣሽ» አሉ ሐጂ መሐረቡን እየፈቱ። «የተማርሽ ልጅ ነሽ። ስልክ ውስጥ የገባ ቁማር ከነሥሩ እንዴት ነው የሚነቀለው?»

«የማን ስልክ ነው?»

«የልጄ የሀምዱ ልጅ ናት። አባቷ ሹፌር ነው፤ ከመንገድ አይመለስም። አሮጌ ስልኩን ትቶላት ሄደ፤ እኔም የምታነብበት መስሎኝ ዝም አልኩ። በቀደም ጓዳ ሆና ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማኋት። ‹ዛሬ ተበላሁ› ትላለች። ‹ነጥቤም ወረደ፤ ነገ ግን አስመልሳለሁ› ትላለች።»

የከተማውን ወሬ ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። «ተበላሁ» ግን ዛሬ በየኳስ መወራረጃው ደጃፍ የሚሰማ ቃል ነው፤ ገንዘቡን አስረክቦ የወጣ ወጣት የሚለው። «አስመልሳለሁ» የሚለው ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ የቀረችውን ሊጨምር የቆረጠ ሰው ቃል ነው። ሐጂ አባቢያ ሁለቱንም ቃል ከትንሹ ልጃቸው ከኢክሪማ አፍ እስኪመራቸው ሰምተውታል። ኢክሪማ ለውርርድ የሱቁን ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሰ፤ አባቱ ሲቆጡት ማጂ ሄዶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስሙ ተነስቶ አያውቅም። እንግዲህ ሽማግሌውን ያስጨነቃቸው ሌላ ልጅ በዚያው በር እንዳትወጣባቸው ነበር።

«ስልኩን ቀማኋት» አሉ ሐጂ። «አልተከራከረችኝም። ሰላም ትለኛለች፣ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ ከዚያ ጓዳዋ ትገባለች። እናቷ ከድጁ፣ ቅዳሜ ከቴፒ ልጆች ጋር የምትገጥመው ነገር አለ ብላ ብትለምነኝ እንቢ አልኩ። ከቴፒ ድረስ ተቧድነው ነው የሚቆምሩት ማለት ነው።»

ሆሳዕና ደብተሮቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ላምያ ሀምዱ ናት? አምስተኛ ክፍል?»

«አዎ። ታውቂያታለሽ?»

«ታዲያ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሐጂ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደጠፋች ግራ ገብቶኝ ነበር የሰነበትኩት።»

«አንቺ! ቁማር?»

«ቼዝ ነው፤ ገንዘብ የማይያዝበት ጨዋታ። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ አስተምራለሁ፤ ቤታቸው ሲሆኑ ደግሞ በስልክ ይለማመዳሉ። ‹ተበላሁ› ያለችው ፈረሷን ተበልታ ነው።»

«የማንን ፈረስ?»

«የመጫወቻውን ፈረስ ነው። ስልክ ላይ ሥዕል ነው።»

«ፈረስ ደግሞ ይበላል እንዴ ልጄ? እኛ ቤት እንኳን በገንዘብ በነፃም አይበላም» አሉ ሐጂ፤ ንግግራቸው ውስጥ ግን ሳቅ ሽው ማለት ጀምሮ ነበር።

ሆሳዕና አስረዳቻቸው። የተጋጣሚን መጫወቻ ከሰሌዳው ላይ ማንሳት በጨዋታው ቋንቋ መብላት ይባላል። ነጥቡም ክፍል ውስጥ እንደሚሰጥ ማርክ ነው፤ ሲያሸንፉ ይወጣል፣ ሲሸነፉ ይወርዳል፣ አይሸጥም አይለወጥም። ጥቅሙ ልጅቷን ከአቅም እኩያዋ ጋር ማገናኘት ነው።

«ይሁን» አሉ ሐጂ። «ግን ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ለእኛ ልጆች ምን ሊያደርግላቸው?»

«የፈረንጅ ብቻ እንኳ አይደለም። የድሮ ሰዎቻችን ሰንጠረዥ እያሉ ይጫወቱት ነበር።»

«ሰንጠረዥማ የኳስ ቡድኖች ደረጃ የሚጻፍበት ነው።»

«ስሙ ሥራ ቀይሮ ነው እንጂ የመጀመሪያ ሥራው ይሄ ነበር።»

ሐጂ ልባቸውን የከበደውን አወጡት። «ሃይማኖታችንን የተማሩ ሰዎችም ይህን ጨዋታ ሲነቅፉት ሰምቻለሁ።»

«በእሱ ላይ እኔ አፍ የለኝም። የሚያምኑትን ሰው ይጠይቁ።»

«ጠይቄ አውቃለሁ። ውርርድ ካለበት ሐራም ነው፤ ውርርድ ባይኖርበትም ሶላት ካዘናጋ አይሆንም ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይጠላል።»

«እንግዲያው በእነዚህ በሁለቱ እንስማማ። ውርርድ የለበትም። የሶላት ሰዓት ሲደርስም ስልኩ ይዘጋል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። በዚህ መሃል ጠጋኙ ቢመጣ ኖሮ ሐጂ አባቢያ ስልኩን ሰጥተው በሄዱ፣ ታሪኩም እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ደግነቱ ምሳው ረዘመ።

«ለምን ታዲያ በእንጨት አይጫወቱትም?» አሉ ሐጂ። «ስልክ ውስጥ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ በምን አውቃለሁ? ትልቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ክፉ ሰው ሊሆን ይችላል።»

«ይሄ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ሌላ ወላጅም ቢፈራው ደስ ይለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የመልእክት መለዋወጫውን እንዘጋለን፤ ማንም ቃል ሊጽፍላት አይችልም። ሁለተኛ፣ ስልኩ ጓዳ አይገባም። ሳሎን፣ እናቷ ወይም እርስዎ ባሉበት ነው። ጓዳ ውስጥ ሆና ሰምተዋት ከሆነ ይህንን ያጠፋነው እኛ ነን፤ ለወላጅ አስረግጬ አልነገርኩም። በስሟም አይደለም የምትጫወተው። ‹ኮረሪማ› ብላ ነው የተመዘገበችው።»

ሐጂ አባቢያ ቀና አሉ። «ምን ብላ?»

«ኮረሪማ። የአያቴ ሱቅ ሽታ ነው ብላ መረጠችው።»

ሽማግሌው ስሙን ለራሳቸው ደገሙትና ወደ ዝናቡ ዞሩ። ሆሳዕናም ብልህ ስለሆነች አልቸኮለችም።

«እንጨቱንም ይጫወቱበታል» አለች ቆይታ። «ግን ላምያ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ማሸነፍ ጀመረች። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ልጅ አይማርም። ስልኩ የሚበልጣትን ያመጣላታል። ጨዋታው ሲያልቅም ከመጀመሪያው አንስቶ መልሶ ያሳያታል፤ የት ላይ እንደተሳሳተች ታያለች። ይህን ጎረቤት አያደርግላትም።»

«ትምህርቷስ? ስልክ የያዘ ልጅ ደብተር ይዞ አላየሁም።»

«የቤት ሥራ ይቀድማል። ከዚያ አንድ ጨዋታ ብቻ፤ እሱም ረጅሙ፣ አስቦ የሚያጫውተው እንጂ በጥድፊያ የሚያልቀው አይደለም። ከዚያ ያንኑ ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ደርድሮ መመርመር። ኔትወርክ በሌለ ቀን ደግሞ ቀድመው የተጫኑ እንቆቅልሾች አሉ። ከዚህ ያለፈ አያስፈልጋትም።»

«አንቺ ለሁሉም መልስ አለሽ።»

«ለአንዱ የለኝም» አለች ሆሳዕና በትሕትና። «አይቆጡኝና ልጠይቅዎ። አባቴ፣ ሐጂ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም ይላል። ላምያን ምን እየሠራሽ ነው ብለው ጠይቀዋት ነበር?»

ሐጂ አባቢያ መሐረቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ስልኩን መሃሉ ላይ አስቀመጡት። ትልቅ ሰው ሲሳሳት የሚያሳፍረው ጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ሲመክርበት የኖረውን ነገር ራሱ መርሳቱ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጠጋኙ ጥርሱን እየፋቀ ሲመለስ፣ ሐጂ ስልኩን በመሐረቡ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና «የሚጠገን የለኝም» ብለውት ሄዱ።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ላምያ ሳሎን ተቀመጠች። ስልኩ ከፊቷ ነው፣ ሆሳዕና ያዋሰቻት ሰሌዳም ከጎኑ ተዘርግቷል። ሐጂ አባቢያ መቁጠሪያቸውን ይዘው በወዲህ በኩል ተቀመጡ። አምነው አልነበረም የተቀመጡት፤ ሊያዩ ነው። ከቴፒ የሚገጥማት አሞጽ የሚባል ልጅ ነበር። ከድጁም ሥራዋን ትታ በሩ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ ሐጂ የገባቸው ነገር አልነበረም። የልጅቷን ፊት ብቻ አዩ። ኢክሪማ ስልኩን ሲያይ ዓይኑ ይቅበዘበዝ ነበር፤ እሷ ግን ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ረጋ ብላ ታስባለች፤ አንድ ነገር ታንቀሳቅስና እጇን ትሰበስባለች።

እኩል ለእኩል ሆነው ሲጫወቱ አሞጽ በድንገት መጫወት አቆመ። ስልኩም አንድ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«ተጋጣሚሽ ጠፍቷል፤ ከፈለግሽ አሸናፊነቱን ውሰጂ ይላል።»

«ታዲያ ውሰጂዋ።»

ላምያ ስልኩን ከተቀማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻቸው። «አልተሸነፈም እኮ፣ አባባ። ቴፒ ዝናብ ይሆናል፤ ኔትወርክ ነው የጠፋበት። ልጠብቀው።»

ጠበቀችው። የሐጂ መቁጠሪያም ቆመ። ሳላሸንፍ አሸናፊነትን አልወስድም ማለትን ይህችን ልጅ ማን አስተማራት? ሰው በሌለበት ሚዛን የማያዛባ ነጋዴ ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል፤ እዚህ ግን አንዲት ፍሬ ልጅ ማንም ሳይቆጣጠራት ሚዛኗን ይዛ ተቀምጣለች።

አሞጽ ተመለሰ። ተመልሶም ቀስ በቀስ ወታደሮቿን ለቀመ፣ ንግሥቷን አጠመደ፣ በመጨረሻም ንጉሧን መውጫ አሳጣው። ላምያ ተሸነፈች። በሩ ላይ የቆመችው እናቷ ከንፈሯን መጠጠች።

ሐጂ አሁን «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» ትል ይሆን ብለው ፈሩ፤ ያቺን ልመና በደንብ ያውቋታል። ላምያ ግን ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ መጫወቻዎቹን በሰሌዳው ላይ መደርደር ጀመረች። ጨዋታውን እርምጃ በእርምጃ መለሰችው። አንዱ ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው። ቸኮልኩ።»

ያኔ የሐጂ ስልክ ጠራ፤ ሆሳዕና ነበረች፤ ላምያ እንዴት ሆነች ብላ ነው።

«ተሸንፋለች፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ አባቢያ። ሆሳዕና የሰማችውን ተጠራጥራ «ምን አሉኝ?» ስትል ቀጠሉ። «እየቀለድኩ አይደለም፣ መምህርት። ብታሸንፍ ኖሮ ደስ ብሎኝ ዝም እል ነበር፤ ስትሸነፍ ግን ልዩነቱን አየሁት። ቁማርተኛ የት ላይ እንደተሳሳተ አይጠይቅም፤ ሌላ ዕድል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህች ስህተቷን በጣቷ ነካችው። ትዕግሥት አየሁ፣ ሐቅ አየሁ፣ ተሸንፎ አለማኩረፍ አየሁ። ለሂሳቧም ለኑሮዋም ይጠቅማታል። ሥርዓቱን ግን እኔው እይዘዋለሁ፦ ስልኩ ሳሎን ነው፣ የቤት ሥራና ሶላት ይቀድማል፣ በቀን አንድ ጨዋታ፣ ከዚያ ሰሌዳው። የጎረቤቶቼንም ልጆች ላኪልኝ፤ ሳሎኑ ሰፊ ነው። ከትልቅ ሰው ፊት የሚጫወት ልጅ ላይ ክፉ ነገር በቀላሉ አይደርስም።»

ስልኩን ዘጉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። ሽማግሌ ለልጅ እንዲህ ሲናገር በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

«ላምያ፣ የኔም ስህተት የት ላይ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አባባ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ልነግርዎት ነበር። ግን እንደ አጎቴ ኢክሪማ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።»

ከድጁ በሩ ላይ እንደቆመች ክው አለች፤ ኢክሪማ ከሄደ ወዲህ በዚያ ቤት ያ ስም ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር። ሐጂ አባቢያ ግን አልተቆጡም።

«አላባረርኩትም» አሉ ቀስ ብለው። «ተቆጣሁት፤ ሄደ።»

«ለምን እንደሄደ ጠይቀውት ነበር?»

ሽማግሌው ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ጣቷን ያሳረፈችበትን ቦታ ተመለከቱ። ልጅቷ ለነገር ብላ አልነበረም የጠየቀችው፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ለዚህም ነው ልባቸው ድረስ የዘለቀው። ኢክሪማ ጥፋተኛ ነበር፤ ሳይጠየቅ ማጂ ላይ ተረስቶ የቀረው ግን በጥፋቱ አልነበረም። ያን ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

«አልጠየቅኩትም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ከድጁ፣ የኢክሪማ ቁጥር አንቺ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። አትፍሪ፤ አምጪው። እስኪ ላምያ ትደውልልኝ።»