ዝገት ላይ የተለጠፈው የበር ክፈፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

በሐይቅ ዳር ከተማችን በዱሉዝ፣ በዚህ ቀዝቃዛ ከሰዓት በኋላ መፍቻችሁን አስቀምጣችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ እኔን በጡረታ ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ፣ ይልቁንም ጎምዛዛውን የሩባርብ ኬክ ጋግራ ላመጣችው ለባልደረባችን ለዳርሊንና ሥራውን በጊዜ ላስቆሙልን ለጋራዡ ባለቤት ለአቶ ብራንት ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጣም እንደዚያው ከልብ ነውና፣ የጎረሳችሁ ቀድማችሁ ዋጡ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በመኪና በር ላይ ነው። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበትና ክረምቱን ሙሉ በረዶውን እንዲያሟሟ በመንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ተባብረው፣ በበሩ ወገብ ላይ ከተዘረጋው የሚያብረቀርቅ የክሮም ክፈፍ ሥር ሰርገው፣ ማንም ሳያያቸው ብረቱን እንዴት እንደሚበሉት ከእናንተ መካከል የማያውቅ አለን? ስለዚህ አይደለምን የቀደሙን ባለሙያዎች ያረጀውን ክፈፍ በትኩስ አየር አሙቀን፣ ሙጫውን በዓሣ ማጥመጃ ክር እየገዘገዝን ቀለሙን ሳንቧጭር እንድናነሣ፣ ዝገቱንም እስከ ንጹሕ ብረት ፍቀን፣ ቀብተንና አድርቀን ብቻ አዲሱን እንድንለጥፍ ያስተማሩን?

አሁንስ ምን እናደርጋለን? እንሸፍናለን።

በዚህ ሳምንት የወይዘሮ ሎርና ሃልቮርሰን ሰማያዊ መኪና ገባች። ታውቋቸዋላችሁ፤ ዓይነ ስውር እኅታቸውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሱባት ሌላ መኪና የላቸውም፣ ሌላ የሚገዙበት አቅምም የላቸውም። የአሽከርካሪው በር ክፈፍ ተላጦና ተንጋዶ ነበር። አጠገቤ የሚሠራው ድዋይት ገለጥ አድርጎ አየና፣

"ኤይኖ፣ ይሄ እኮ በር አይደለም፣ ሻይ ውስጥ የወደቀ ብስኩት ነው" አለኝ።

"እንግዲያው ዝገቱን ፋቀዋ" አልሁት።

"አለቃው ለጥፍበት ብሎኛል። አንተ ሽማግሌው ትሄዳለህ፣ እኔ ግን ሰኞም እዚሁ ነኝ።"

እንደታዘዘውም ለጠፈበት። በድዋይት አልፈርድም፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ትናንት ግን ወይዘሮ ሎርና መጥተው፣ በአዲሱ ክፈፍ ላይ ጣታቸውን እያሳለፉ፣ "ከሥሩስ ደኅና ነው?" ሲሉ፣ አቶ ብራንትም "እንደ አዲስ ነው እማማ፤ ሙጫው ይድረቅና ነገ ይውሰዷት" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

አቶ ብራንት፣ ደንበኛ የሚደሰተው በሚያየው ነው ብለው ነግረውኛል። እውነት ነው፣ ይደሰታል። እስከ መቼ? የታፈነው ጨው ብረቱን ጨርሶት፣ መስታወቱ በበሩ ሆድ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሁለት አሮጊቶች በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ የበረዶ ነፋስ እየገረፋቸው ሲቆሙ፣ የዚህን ቤት ስም በምን ዓይነት ቃል የሚያነሡት ይመስልዎታል? ሥራ ሲበዛብን ቸኩለን ያጠፋነው ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ፤ ይህ ግን ታይቶ፣ ታውቆ፣ በፈገግታ የተደረገ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ስሙ። የዓሣ ማጥመጃ ክሬን ይዤ ገባሁና የተለጠፈውን ክፈፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገዝግዤ አነሣሁት፤ በሩ በጋራዡ መካከል ራቁቱን ቆሟል፣ ዝገት የበላው ቀዳዳ እርሳስ ያሳልፋል። ድዋይት አልነካውም፤ ሥራው የእኔ ብቻ ነው፣ ልታባርሩኝ ብትፈልጉም ዘግይታችኋል።

ወይዘሮ ሎርናንም በእንግድነት ጠርቻቸዋለሁ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ከኋላ የተቀመጡት እርሳቸው ናቸው፤ ወደዚህ ከመግባታቸው በፊት በሩን አሳይቻቸዋለሁ።

እግዚአብሔር ጣቶቻችሁን ከስለት፣ ሳንባችሁን ከቀለም ትነት ይጠብቅ፤ በሠራችሁት መኪና አጠገብ አንገታችሁን ሳትደፉ የምታልፉበት ረጅም ዘመን ይስጣችሁ። ለእርስዎም፣ አቶ ብራንት፣ ጤናና እንደገና የሚጀምሩበት ልብ ይስጥልዎ።

እኔ ጨርሻለሁ። ወይዘሮ ሎርና፣ ወደ ፊት ይምጡ፤ የትናንቱን ጥያቄዎን አሁን በሁላችን ፊት አቶ ብራንትን ይጠይቋቸው።