መጠቅለያ የመሰለኝ ጨርቅ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኔስታ ፕሮዘሮ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ
አድራሻ፦ ዌልስ፣ አበርኬዋን ከተማ፣ ፍሮን ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 9
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አበርኬዋን ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኞ ኦክቶበር 16 ቀን 2023
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል የስቲን ፓሪ
ጉዳዩ፦ ከከተማው አዳራሽ ኤግዚቢሽን ተወሰደ ስለተባለ የግድግዳ ድሪቶ

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። የመጣሁበትም ምክንያት ቅዳሜ ዕለት በአዳራሹ የሰጠሁትን ቃል ለማረም ነው። ያን ዕለት ወ/ሮ ኤሊነድ ፒው ድሪቶዬን ሰረቀችኝ ብዬ ለኮንስታብሉ ነግሬዋለሁ። አልሰረቀችኝም። ኮንስታብሉ አጠር አድርጌ እንድናገር ጠይቆኛል፤ እኔም ቅዳሜ አጠር አድርጌ ተናግሬ ነው እዚህ የደረስነው ብዬዋለሁ።

ወ/ሮ ኤሊነድን ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቃታለሁ። በቤታችን መካከል ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው። ጧት ጧት በሕፃናት ማቆያ ትሠራለች። በስርቆት ለተከሰሰ ሰው ሕፃን አይሰጡትም፤ በእኔ ቃል የተነሳ ክስ ከተመሠረተ ያ ሥራ ይቀርባታል። ባሏ አቶ ኢድዋል ፒው የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር። በዚህ ከተማ ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ እስከ ሬሳ ሣጥን ሻጩ ድረስ በር ላይ ያለው ጽሑፍ የእሱ እጅ ነው። መስመሩ በክር የተለካ ይመስል ነበር። ባለፈው ፌብሩዋሪ ከረጅም ሕመም በኋላ አርፏል።

እኔ፣ ኤሊነድና ሌሎች አራት ሴቶች በወር አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ዕለት፣ በጸሎት ቤቱ የኋላ ክፍል እንገናኛለን። ሥራችን ድሪቶ ነው። ለአልጋ የሚሆን አይደለም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ በስሱ ቀለም እናትማለን። ሲደርቅ ቅርጽ የተቆረጠበት ፕላስቲክ አስቀምጠን በስፖንጅ ሌላ ቀለም እንመታበታለን፣ በላዩ ደግሞ በወንፊት ወይ በሮለር እንደርባለን። የታችኛው በላይኛው ውስጥ እያሾለከ እስኪታይ ድረስ ነው ይኼ ሁሉ። ከዚያ ጥጥ ከሥሩ አድርገን በስፌት መኪና እንሰፋዋለን። የኤሊነድን ፕላስቲኮች የሚቆርጥላት ኢድዋል ነበር። እኛ ሌሎቻችን በመቀስ ስንፍጨረጨር እሱ በምላጭ ላባ በላባ ያወጣላት ነበር፣ ቀንቼባታለሁ።

ቡድናችን የሚዞር ጨርቅ አለው። አንዷ የጀመረችውን በከረጢት ለሚቀጥለዋ ታሳልፋለች፤ የደረሳት በላዩ ላይ የራሷን ታትምና ታሳልፋለች፤ በመጨረሻ ወደ ጀማሪዋ ይመለሳል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ከረጢት ውስጥ ወረቀት አይገባም። ስለ ደረሰሽ ጨርቅም ዙሩ እስኪያልቅ ትንፍሽ አትዪም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ስልክ እየተደዋወልን "ሰማያዊዋን እንዳትነኪብኝ" ስንባባል ሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት፣ ምን አለፋችሁ፣ የሆቴል መጋረጃ ይመስል ነበር። ስለዚህ አፋችሁን ዝጉ አልኳቸው፣ ዘጉ።

ሌላም ልማድ አለን፣ ጉዳዩ ያለው እሱ ላይ ነው። ስናትም ጠረጴዛው እንዳይበላሽ ከሥር አሮጌ ጨርቅ እናነጥፋለን። የተንጠባጠበው፣ የተረፈው፣ እጅ የተጠረገበት ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ታዲያ ተጨንቀን ከሠራነው እሱ አምሮ ይገኛል። የሚዞረውን ጨርቅ የምንጠቀልለው በዚሁ ነው። መጠቅለያ የማንም አይደለም፤ የደረሳት ብታትምበት፣ ብትቆርጠው፣ ጫማ ብትጠርግበት የሚጠይቃት የለም።

ኤፕሪል ላይ ከረጢቱ ከኤሊነድ ወደ እኔ የሚያልፍበት ተራ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ወደ ስብሰባው መምጣት ትታ ስለነበር ከረጢቱን በሬ እጀታ ላይ አንጠልጥላው ሄደች። ስከፍተው የሚዞረው ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። መጠቅለያው ላይ ስድስት ሽመላዎች ታትመው ነበር፣ ግራጫ። አንዱ ሁለት ጊዜ ተመትቶ መንታ ሆኗል፣ የሌላው ቀለም ከጠርዙ አልፎ ፈስሷል፣ እግራቸው ጉልበቱ ላይ ተቋርጧል። ኤሊነድ ቅርጽ ስትሞክር የተበላሸባት ነው አልኩ። የኢድዋል እጅ ነው የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም። የኢድዋልን መስመር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

የሚዞረውን ጨርቅ ሠርቼ አሳለፍኩ። መጠቅለያውን ግን ለራሴ አስቀረሁት፣ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ቢጫ በወንፊት አለበስኩት። በላዩ የቄጠማ ቅርጽ በጥቁር አረንጓዴ መታሁ። በመጨረሻ ዝናብ እንዲመስል በሮለር ነጭ መስመር አወረድኩበት። ሽመላዎቹ ከታች እንደ ጥላ ቀሩ። ጠርዙን በመቀስ አስተካክዬ፣ ጥጥ ደርቤ፣ ከሥሩ ገበር አድርጌ በጋውን ሙሉ ሰፋሁት። እንደ ወጋችን ስሜን የጻፍኩበት ቁራጭ ጨርቅም ገበሩ ላይ ሰፋሁ። ለኤሊነድ ስልክ አልደወልኩም። በአጥሩ ላይ ስንተያይ ስለ አየሩ ተነጋገርን፣ ስለ ድመቷ ተነጋገርን፣ ስለ ጨርቅ አንድም ቃል አላነሳሁም። ደንብ አከበርኩ ብዬ እኮ ነው።

ቅዳሜ ኦክቶበር 14 ቀን በከተማው አዳራሽ የዓመቱ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ድሪቶዬ አንደኛ ወጥቶ ቀይ ሪባን ተንጠልጥሎበት ነበር። ከቀትር በኋላ ሻይ ጠረጴዛው አጠገብ ዘቢብ ዳቦዬን ይዤ፣ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ እየሰማሁ ቆሜ ነበር። ኤሊነድ ስትገባ አየኋት። ከሁሉም አልፋ በቀጥታ ወደ ድሪቶዬ ሄደች። አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠግታ ብዙ ቆየች፣ በጣቷም አንድ ቦታ ዳሰሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ የተሰቀለበትን ክር ቆረጠች፣ ድሪቶውን አጥፋ ኮቷ ውስጥ ከተተችና ወደ በሩ ሄደች።

ከጀርባዋ አላወቅኋትም ነበር ብል ማንም አይጠረጥረኝም። ግን አውቄያታለሁ። አውቄያት ነው "ሌባ!" ብዬ የጮኽኩት። ቀናችብኝ ብዬ ነው። ሪባኑን አይታ አንጀቷ አረረ ብዬ ነው። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ አቶ ትሬሀርን በሩን ዘግቶ ለፖሊስ ደወለ።

ኤሊነድ በሩ ጋ ቆማ "የኢድዋል ነው" አለች። እኔም ሰው በተሰበሰበበት "ኢድዋል እንዲህ አያትምም፤ ሰክሮ እንኳ መስመር አይስትም ነበር" አልኳት። አንዳንዶች ሳቁ። ኮንስታብል ፓሪ መጥቶ ድሪቶውን ተረከበ፣ እሷን በመኪና ወሰዳት፣ እኔም ያን ቃል ሰጠሁ። ሪባኑን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ኤሊነድን ቅዳሜ ማታውኑ ለቀዋት ነበርና፣ እሑድ ከጸሎት መልስ በሯን አንኳኳሁ። የሄድኩት ይቅርታ ለመጠየቅ አልነበረም፣ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ነበር። አስገባችኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አልጣደችም፣ በሠላሳ ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከመሳቢያ አንድ ፕላስቲክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽመላ ተቆርጦበታል። እግሩ ጉልበቱ ላይ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተያይዟል። ያን ጊዜ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የነገረችኝ ይህ ነው። ኢድዋል ሊሞት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እጁ ማንኪያ እንኳ አልይዝ ብሎ በነበረበት ጊዜ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ቅርጽ ቆረጠ። ምላጩ አምልጦት እግሩን ሰነጠቀው፣ በፕላስተር አያያዘው። ዕድሜ ልኩን ለሷ ከመቁረጥ በቀር አንድም ቀን አትሞ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ስፖንጁን አምጪልኝ አላት። ስድስት መትቶ ደከመው። ከዚያ ያላትን ኤሊነድ እንዳለችው እዚህ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ፦ "ለኔስታ አሳዪያት። እናንተ ሁላችሁ አማረ ነው የምትሉኝ፤ እሷ ግን አትዋሽም።"

ኤሊነድም ያን ጨርቅ እንዳየው በከረጢቱ ላከችልኝ። ወረቀት አላስገባችም፣ ደንብ ነዋ። ከላይ የጠቀለለችው መጀመሪያ እጄ የሚያርፈው እሱ ላይ እንዲሆን ነው። አይታ ትመልስልኛለች፣ የሆነ ነገር ትለኛለች ብላ ጠበቀች። ዝም ስላት መጥፎ አላሰበችም። "አልቅሰሽ ይሆናል አልኩ፤ ቃል አጥተሽ ይሆናል፤ እስኪወጣልሽ ልተውሽ ብዬ ነው የተውኩሽ" አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ ቄጠማ እያተምኩበት ነበር።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም፣ የረባ ነገር አልነበረም። የላይኛውን ቀለም ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልሱን እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። የላዩን የሚያነሳ መድኃኒት የታቹን ይዞት ነው የሚሄደው። አይቻልም አልኳት። እሺ ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ዛሬ ጧት ይህን ሁሉ ለኮንስታብል ፓሪ ተናገርኩ። ልጁን ትምህርት ቤት ሳለ አምስት ዓመት አብልቼዋለሁ፣ አተሩን ሁሌ ሳህኑ ጥግ ይደብቅ ነበር፣ ክፉ ልጅ አይደለም። እሱ ግን "እትዬ ኔስታ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ድሪቶው የእርስዎ ነው። ስምዎ ተሰፍቶበታል። የሟቹ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ያሉት ሽመላዎች እንኳ ከሦስት ቀለም ሥር ናቸው፣ እኔ ወፍ መሆናቸውን አላየሁም" አለኝ። ከዚያ እንድለየው ብሎ ድሪቶውን ከነማስረጃ ላስቲኩ አመጣና ስሜን ሊያሳየኝ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ስሜን የጻፍኩበት ቁራጭ ጠርዙን ሳስተካክል ከተቆረጠው የወጣ ነው። የእኔ ቀለም ያልነካው ጨርቅ ነበር የምፈልገው፣ ጽሑፉ እንዲነበብ። ከዳር የነበረው ስድስተኛው ሽመላ ሙሉውን እዚያ ላይ ነው ያለው። ቢጫም፣ ቄጠማም፣ ዝናብም አልነካውም። እግሩ ጉልበቱ ላይ ተቋርጧል፣ የፕላስተሩ ጠርዝ ሳይቀር ታትሟል። በደረቱ ላይ በማይለቅ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፌ፣ "ኔስታ ፕሮዘሮ ሠራችው" ይላል።

ሰፍቼው፣ ተኩሼው፣ ስንት ጊዜ አጥፌ ዘርግቼው ልብ ብዬ አላየሁትም። ኮንስታብሉ ውኃ አመጣልኝ። ቁራጩን እንድፈታው መቀስ ጠየቅሁት፣ ማስረጃ ስለሆነ መነካት የለበትም ብሎ ከለከለኝ። ልክ ነው። ወ/ሮ ኤሊነድ ቤት የሚገኘው ፕላስቲክ መጥቶ በዚህ ሽመላ ላይ እንዲገጠም ጠይቄያለሁ። ይገጥማል።

ስለዚህ ወ/ሮ ኤሊነድ የወሰደችው የራሷን ንብረት መሆኑን፣ ሌባ ያልኳት በቁጣና በጉራ መሆኑን፣ በሷ ላይ ያቀረብኩትንም አቤቱታ ማንሳቴን አስታውቃለሁ። ድሪቶው ሲለቀቅ ለባለቤቱ የሚል ነገር ከተጻፈ ለሷ ይሰጥ። ሪባኑን ለአቶ ትሬሀርን መልሻለሁ። በአዳራሹ ለሳቁት ሰዎችም በየቤታቸው እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ፣ ይህ ግን የፖሊስ ጉዳይ አይደለም።

አቶ ኢድዋል ላቀረበልኝ ጥያቄ የምሰጠው መልስም እዚህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ኮንስታብሉ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም አለኝ፤ ጻፍ አልኩት። ከስድስቱ አምስቱን እኔ አጥፍቻቸዋለሁ። ስለቀረው አንዱ የምለው፦ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ከጠርዙ ወጥቷል፣ እግሩ ተሰብሯል። አምሯል። አልዋሸሁም።

ከላይ ያለው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። ኮንስታብሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦልኛል፣ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ስሜን ከዚህ በታች የማኖረው የራሴ በሆነ ነገር ላይ መሆኑን ደጋግሜ አይቼ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ኔስታ ፕሮዘሮ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ኮንስታብል የስቲን ፓሪ