አንድ ሠራተኛ ለሁለት አለቃ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ እናንተ ኮሌጅ ገብታችሁ «ማኔጅመንት» የምትሉትን ነገር የሚያስተምረን አልነበረም፤ አለቃ ያዛል፣ ሠራተኛ ይሠራል፣ እምቢ ያለ ይባረራል፣ አለቀ። በእኛ ጊዜ ስል ደግሞ በጣም ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ይኼ የማጫውታችሁ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ ያኔም ሽማግሌ ነበርኩ! ሃና፣ እስኪ ጠጋ በይ፣ ጓደኞችሽም ይጠጉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

እንደምታውቁት ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር፣ ያ የስፌት መኪና ድምፅ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥበት መንገድ ላይ፣ ሐጂ አብዱላሂ ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሠራተኞች ነበርን። ሐጂ እያሉ ቤቱ ጭቅጭቅ አያውቅም ነበር። ታዲያ ሐጂ ወገባቸውን ታመሙና ቤት ዋሉ፣ እና ሥራውን ለልጃቸው ሰጡ። ለየትኛው ልጅ? ለሁለቱም! ለረምዚም ለጀማልም፣ እኩል። አባት ናቸዋ፣ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ ከበዳቸው።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ፋጡማ የምትባል ሰፊ ነበረችን። ረምዚ ከወዲህ ይመጣል፤ «ፋጡማ! የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ቶሎ በይ!» ይላል። «እሺ» ትላለች። እሱ ዞር ከማለቱ ጀማል ከወዲያ፤ «ፋጡማ! ምን ነካሽ? የሙሽራዋን ቀሚስ አላልኩሽም?» «እሺ» ትላለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ! አንዱን ስትጀምር አንዱን ስትተው፣ ቀኑ ያልቃል፣ ምንም አላለቀም። እኔም ብሆን ያው ነኝ፣ ጠመኔ ይዤ ጨርቅ ላይ ቆሜ የማንን ልቁረጥ እላለሁ። ሰምታችሁኛል? ሥራ ጠልተን አይደለም፤ የማንን እንስማ?

ታዲያ ከድሬ ጠያራ በኩል አንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አዞ ነበር፤ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ እና ረምዚ አንድ ቀን ጠዋት ሲገባ ፋጡማ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ አገኛት። ፊቱ ጠቆረ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!»

«ኧረ ጀማል ነው ያዘዘኝ፣ ወላሂ!»

«አለቃሽ እኔ ነኝ!»

ፋጡማ ወደ ጀማል ዞረች። ጀማል ምን ያደርጋል? ስልኩን ያያል! ስልኩን! እሷ ማለት ፈላና በር ሰፈር ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቀና ብላ ሰው የማትናገር ሴት ናት። ሻርፗን አነሳችና ወጣች፣ እና ያን ጊዜ አው ሳሊም፣ በዕድሜ ከሁላችንም ስለሚበልጡ «አው» የምንላቸው ሰፊ፣ እግራቸውን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሱ። ቀጥሎ ሌላው አነሳ። ቀጥሎ ሁሉም። መኪናው ሁሉ ቆመ። ጎረቤቶቻችን ድምፅ ጠፋባቸውና «ማን ሞተ?» እያሉ መጡ፣ እውነቴን ነው!

ሌሎቹ «መኮንን፣ አንተ ሂድ፣ ሐጂ አንተን ይሰማሉ» አሉኝ። ጀጎል ውስጥ ቤታቸው ሄድኩ። መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው፣ እና ሁሉንም ነገርኳቸው። ትራሳቸውን አስተካክለው ጠየቁኝ።

«እና ምን ይሻላል?»

«ሐጂ፣ አንድ ሠራተኛ ሁለት አለቃ አይችልም። አንድ ሰው ይሹሙ። ከፈለጉ ረምዚን፣ ከፈለጉ ጀማልን፣ ብቻ አንድ ሰው ይሁን።»

«አንተ ብትሆንስ?»

ይኼን አላሰብኩም ነበር፣ በእግዚአብሔር! ደነገጥኩ። ግን አፌ ቀደመኝ፤ «እኔ ከሆንኩ ልጆችዎ የሚፈልጉትን ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ ሠራተኛ እንዳያዙ። ደግሞ ፋጡማን ረምዚ ራሱ ሄዶ ያምጣት። ካልሆነ እኔም ነገ አልገባም።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «ጠንክረሃል» አሉ፣ እና ልጆቹን አስጠሩ።

በማግስቱ ረምዚ ፋጡማን ከቤቷ ይዟት መጣ። በሁላችንም ፊት «አጥፍቻለሁ፣ እህቴ» አላት። ለአንድ ኩሩ ልጅ ይኼ ቀላል አይደለም፤ እኔ ያን ቀን ነው የወደድኩት።

ታዲያ ሥራውን አደላደልኩት። ያኔ እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ እኔ ግን ኮሌታ ለሚሆንለት ኮሌታ፣ እጅጌ ለሚሆንለት እጅጌ፣ ለፋጡማ ኪስ ሰጠኋቸው። ጀማል የመኪና ብልሽት መጠገን ይሆንለታል፣ መኪናዎቹን ያዘ፤ ረምዚ ደንበኛ ማነጋገር ይችልበታል፣ ደንበኛ ያዘ። ሁሉም እሺ አለ፣ አው ሳሊም ሲቀሩ። «መኮንን፣ ከልጅነቴ ሙሉ ሱፍ ስሰፋ ኖሬ ዛሬ ኮሌታ ልታሰፋኝ ነው?» እውነታቸውን እኮ ነው! «የለም አው ሳሊም፣ እርስዎ አይሰፉም። እርስዎ አይተው ይሁን ያላሉት ልብስ ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «የማንም ልብስ?» «የማንም።»

በሦስተኛው ቀን ጀማል ረሳና ከደጅ፤ «ፋጡማ! ያን ተዪውና...» ሲል፣ ያቺ ቀና የማትል ሴት ቀና አለች። «ለጋሽ መኮንን ይንገሯቸው» አለችው። እኔ መቀሴን ይዤ ቀረሁ። ጀማል ቆመ፣ አየን፣ ከዚያ ሳቁ መጣበትና ወደ እኔ ዞሮ «ጋሽ መኮንን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር» አለ።

ዩኒፎርሙ የሚላክበት ቀን ደረሰ። የጭነት መኪናው ከበር ቆሟል፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ ልብሱን ላስጭን ስል አው ሳሊም አንዱን ክምር በእጃቸው ከደኑት። «ኪሱ ጠማማ ነው።»

«ኧረ አው ሳሊም፣ የሕፃን ኪስ ነው፣ ማን ያየዋል! ይጫን!»

«የማንም አላልከኝም?»

አፈርኩ። ሠራተኛ ሁሉ ያየኛል፤ ረምዚና ጀማልም ያዩኛል። እነሱን ሥርዓት ያዙ ብዬ እኔ ላፈርሰው? «ይተርተር» አልኩ። እና አሥራ አንዳችንም ተረባርበን ተረተርን፣ ጀማል ሳይቀር ክር ነቀለ፣ ረምዚ ሹፌሩን በሻይ አባበለ፣ ፋጡማ መልሳ ሰፋች፣ እና በሰዓቱ ወጣ! በሰዓቱ!

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ሐጂን ደግፈን ይዘናቸው ሄድን። ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም ንጹሕ። ርዕሰ መምህርቷ አንዱን ልጅ አቁማ ስፌቱን ገልብጣ አየች፣ ኪሱን ሳበች፣ «የሚቀጥለውንም ዓመት እናንተው ትሰፋላችሁ» አለችን። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አው ሳሊም ግን ከአንዱ ተማሪ ወደ አንዱ እየሄዱ ኪስ ያያሉ! ልጆቹ ሊፈተሹ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ!

ሰው መታዘዝ አይጠላም፣ ልጆቼ፤ ግራ መጋባት ነው የሚጠላው። መጽሐፋችሁ ይኼን ካለ መጽሐፋችሁ ልክ ነው።

«ይላል ጋሼ፣ ቃል በቃል ይላል!» አለች ሃና። «ግን ፋጡማስ? አሁን የት ናት?»

ፋጡማማ! እኔ ዓይኔ ሲደክም ሐጂ «በአንተ ቦታ ማን ይሁን?» ቢሉኝ እሷን አልኳቸው፤ አሁን አለቃዬ እሷ ናት። ትናንት ከሰው ጋር ስጫወት አርፍጄ ብገባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፣ «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» አትለኝም? «ይቅርታ አለቃ!» ብዬ እየሳቅሁ ሮጬ ገባሁ፣ በዚህ ጉልበቴ!