የግራዋ ወፍ ጅራት

የምስክር ስም፦ ኦርቪል ታኬት
ዕድሜ፦ 61 ሥራ፦ ንቅሳት ነቃሽ
አድራሻ፦ ኖርፎክ ከተማ፣ ከወደቡ በር ፊት ለፊት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኤፕሪል 12 ቀን 1938 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ በዚህ ወደብ ለ38 ዓመት መርከበኛ ስነቅስ ኖሬአለሁ። መልሕቅም ሆነ ጩቤ የወጋው ልብ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ። የእጄን ሥራ ከሺህ መሀል እለያለሁ።

የታሰረውን መርከበኛ ሌስተር ማብሪን አውቀዋለሁ። ኤፕሪል 2 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የመጋዘን ዘበኛውን ሃይረም ቦግስን በጩቤ ወግተሃል ተብሎ ከትናንት በስቲያ የተያዘው፣ ቁስለኛው «የወጋኝ ሰው ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ወፍ አለው» በማለቱ መሆኑን መርማሪው ነግሮኛል።

ይህ ስህተት ነው። ጅራተ መንታዋ ወፍ እንዲሁ ለጌጥ አትነቀስም። መርከበኛ አምስት ሺህ ማይል ሲሄድ አንዷን ያገኛል፣ ያንኑ ያህል ሲደግም ሁለተኛዋን። በማብሪ ደረት ላይ በዚያ ቀን የነበረችው የቀኟ ብቻ ናት። የግራዋን የነቀስኩት ኤፕሪል 7 ቀን ነው። «ሽማግሌው፣ ሁለተኛዋ ተገባችኝ፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ» አለኝ። «እጄን ተወውና አንተ እንዳታለቅስ» አልኩት። ቅርፊቷ ዛሬም አልረገፈም፤ ዓይን ያለው ደረቱን ገልጦ ይይ።

መርማሪው ሁለት ወፍ ያለው ሌላ ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም «ምን ጠፍቶ!» ብዬ ሳቅሁ። ቀጥሎ የቁስለኛውን ቃል እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። የግራዋ ወፍ ጅራት ሦስት ጫፍ ነበረው ይላል። እዚህ ላይ ውኃ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ።

እንዲህ ያለ ጅራት በዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ጊዜ ነው። ባለፈው ኦክቶበር የእህቴ ልጅ ክላይድ ሩከር፣ ዕድሜው 26፣ ባሕር ወጥቶ የማያውቅ ጫኝና አውራጅ፣ ሁለቱንም ወፍ ንቀሰኝ ብሎ ለመነኝ። «ከወደቡ ሳትወጣ? መሳቂያ ልትሆን!» አልኩት። «አጎቴ፣ አንተ ካልተናገርክ ማን ያውቃል?» አለኝ። ስለምወደው ወጉን አፈረስኩለት። በሳቅ ሲነቃነቅ መርፌው ከእጄ ሸሸና ሦስተኛው ጫፍ ወጣ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ክላይድ የእህቴ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ማብሪ ይፈታ። ክላይድ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ ቤቱን ለመርማሪው አመልክቻለሁ። ለእህቴ ቀድሜ እኔው እንድነግራት ጠይቄ አልተፈቀደልኝም።

ቃሌ ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም እንደሌለ አረጋግጫለሁ። ጅራቷን ያበላሸው የእኔ እጅ መሆኑ ይጻፍልኝ ብዬ በዚሁ እጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኦርቪል ታኬት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ኤመት ሃልስተድ